ለሞተርሆም ጥያቄሽ፦ ሃይሩፍ ወይስ ኮስተር፣ ባጃጁስ ከኋላ ይጎተታል ወይ?

እህቴ ሰላም። ጥያቄሽን ላሳጥረውና ልጀምር። የምትኖሪው ጅማ ነው። ከባለቤትሽና ከሁለት ልጆቻችሁ ጋር ቅዳሜና እሁድ ወደ ቦንጋ፣ በዓመት ሁለት ሦስቴ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ እየሄዳችሁ መኪናው ውስጥ ማደር ትፈልጋላችሁ። ሞተርሆሙ አንድ ቦታ ቆሞ እናንተ እንድትዘዋወሩ የራሳችሁን ባጃጅ በተሳቢ ልትጎትቱ አስባችኋል። የቀረሽ ሃይሩፍ ሚኒባስ ይቀየር ወይስ ኮስተር (የቶዮታ መለስተኛ አውቶቡስ) ይገዛ የሚለው ነው። ዝግጁ ሞተርሆም ከውጭ አስመጪ ያሉሽን ተያቸው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የሚያዋጣው አገር ውስጥ ያለ መኪና መቀየር ነው።

መልሴ ይህ ነው፦ ባጃጁ የግድ ከሆነ ኮስተር፣ ባጃጁን ከተውሽው ሃይሩፍ ይበቃሻል። ሰው ሁሉ ምርጫውን ከአልጋውና ከወጥ ቤቱ ይጀምራል። አንቺ ግን ከተሳቢው ጀምረሽ ወደ ፊት አስቢ። አልጋ በአናጢ ይስተካከላል፤ ያነሰ ፍሬንና ያነሰ ሞተር ግን ማንም አናጢ አያስተካክለውም።

መጀመሪያ ክብደቱን እናስላ። አንድ ባጃጅ ባዶውን 350 ኪሎ ገደማ ነው። ከቱቦላሬና ከላሜራ የተሠራ ጠንካራ ተሳቢ 300 ኪሎ ይመዝናል ብንል ድምሩ 650 ይሆናል። አውሮፓ ውስጥ የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። አንቺም ይህንን እንደ መጨረሻ ጣሪያ ያዢው። ባጃጁ ላይ ጀሪካንና ድንኳን መከመር ሲጀመር ጣሪያው ወዲያው ይደረስበታል።

አሁን ወደ መኪናው። ሁለት ትልልቅ ሰውና ሁለት ልጅ ከነጫማቸው 280 ኪሎ፣ ውሃ 80 ሊትር ማለት 80 ኪሎ፣ አልጋ፣ ቁምሳጥንና የግድግዳ ሥራ 180፣ ሁለት ባለ 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ 60፣ የ12 ኪሎ ተኩል ጋዝ ከነሲሊንደሩ 26፣ ማቀዝቀዣ 25፣ ምግብና ዕቃ 60፣ ልብስና ብርድ ልብስ 50፣ የዝናብ መጠለያ 25፣ ክሪክና መፍቻ 40፣ 70 ሊትር ናፍጣ 59፣ ተሳቢው ኳሱ ላይ (መኪናው ኋላ ተሳቢው የሚሰካበት ክብ ብረት) የሚጭነው 65። ድምሩ 950 ኪሎ ነው። ኳሱ ላይ የሚያርፈውን አብዛኛው ሰው ይረሳዋል። የተሳቢው ሳይሆን የመኪናው ጭነት ነው የሚቆጠረው።

የመጫን አቅሙን ለመገመት መኪናው ለስንት ሰው እንደተሠራ ተመልከቺ። ሃይሩፉ ለ15 ሰው ቢታሰብ፣ በ70 ኪሎ ሲባዛ 1,050 ነው። የሚወጡት ወንበሮች ደግሞ መቶ ኪሎ ገደማ ይመልሱልሻል። ስለዚህ በጠቅላላ ክብደት ብቻ ከታየ ሃይሩፉ ያልፋል። የሚወድቀው ሌላ ቦታ ነው፤ ዳገትና ቁልቁለት ላይ፣ የኋላ አክስሉም ላይ። ኮስተር ለ26 ሰው ቢታሰብ 1,820 ኪሎ ስለሚሸከም ይኸው 950 ኪሎ ግማሽ ጭነቱ ነው።

ዳገቱን እንይ። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ሃይሩፉ ላይ ባለ 3 ሊትር 5ኤል ሞተር ካለ፣ ወረቀት ላይ 95 ፈረስ የተባለው ጅማ ላይ ወደ 78 ይወርዳል። በዚህ ጉልበት ከነተሳቢው ከሦስት ቶን በላይ ይዞ ከግቤ በረሃ ወደ ወልቂጤ መውጣት በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተቱ ነው። ፍሪሲዮኑ ይሸታል፣ የሙቀት ጌጁም ወደ ቀይ ይጠጋል። ባለ 3 ሊትር ተርቦው 1ኬዲ ከፍታው ብዙም አይጎዳውም፤ ሃይሩፍ ከገዛሽ ይህን ፈልጊ። የኮስተሩ 1ኤችዜድ ሞተርም ተርቦ የለውም። ግን 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ስለሆነ ቀስ ብሎም ቢሆን ሳይጨነቅ ይወጣል። ጅማ ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ እንደሚፈላም አትርሺ። የራዲያተሩ ክዳን ጎማው ካለቀ ግፊት አይይዝም፣ ውሃውም ቶሎ ይፈላል። ረጅም መንገድ ከመውጣትሽ በፊት ክዳኑን መቀየር ከሞተር ጥገና ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል ወጪ ነው።

ቁልቁለቱ ግን ከዳገቱ የበለጠ ያሳስበኛል። ከአበልቲ ወደ ግቤ ስትወርጂ ፍሬን የሌለው 650 ኪሎ ከኋላ ይገፋሻል። የሚይዘው የመኪናው የፍሬን ሸራ ብቻ ነው። የፍሬን ዘይት አዲስ ሆኖ ዶት 4 ከሆነ የሚፈላው በ230 ዲግሪ ነው። እርጥበት ሲጠጣ ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፣ ፔዳሉም ወለሉን ይነካል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ዳገቱን በምትወጪበት ማርሽ ውረጂ፤ ማርሹን ደግሞ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ያዢ፣ መሃል ላይ ለመቀነስ አትሞክሪ። ፍሬኑን ረግጠሽ አትቆዪ። ጠንከር አድርጎ ረግጦ መልቀቅ ሸራው እንዲተነፍስ ያደርጋል። ምንም እንኳ ከ750 በታች ቢሆን፣ ለእንዲህ ዓይነት መንገድ ተሳቢው ሲገፋ ራሱን የሚይዝ ፍሬን እንዲሠራለት አጥብቄ እመክራለሁ። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ፍሬን ላለውና ለሌለው ተሳቢ የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። ያ ቁጥር እኔን ጨምሮ እዚህ ከሚጻፈው ሁሉ ይበልጣል።

አሁን ባጃጁን ስለመጫን። በሦስት ጎማው መሬት ላይ መጎተት ፈጽሞ አይታሰብ። ትናንሾቹ ጎማዎችና ኩሽኔታዎች (ጎማው የሚሽከረከርባቸው ባለ ኳስ ቀለበቶች) ለዚያ ፍጥነት አልተሠሩም፣ የፊት ጎማውም መሪውን ይዞ ይወዛወዛል። ተሳቢ ላይ ሲወጣም ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ይጭነዋል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የባጃጅ ሞተር ከኋላ ስለሆነ ክብደቱ በሙሉ ከተሳቢው አክስል ኋላ ያርፍና ኳሱን ወደ ላይ ያነሳዋል። ኋላው የከበደ ተሳቢ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ጅራቱን ማወዛወዝ ይጀምራል። ስለዚህ ባጃጁን አዙረሽ፣ ሞተሩ ወደ መኪናው እንዲሆን ጫኚው። ኳሱ ላይ የሚያርፈው ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ7 እስከ 10 በመቶ ይሁን፤ ለ650 ኪሎ ከ45 እስከ 65 ኪሎ ማለት ነው። ለመለካት ተሳቢውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሚ፣ የሰው መመዘኛ ሚዛን ከአንገቱ (ኳሱ ላይ ከሚሰካው የተሳቢው ጫፍ) ሥር አድርጊ፣ መሃላቸው እንጨት አቁመሽ አንገቱ ኳሱ ላይ በሚሆንበት ከፍታ አሳርፊው። ቁጥሩ ካነሰ ባጃጁን ወደ መኪናው፣ ከበዛ ወደ ኋላ ጥቂት አንቀሳቅሺውና የጎማውን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጊ።

ማሰሪያው የባጃጁን የጣሪያ ሸራ ብረት ሳይሆን ሻንሲውን (የታችኛውን ዋና ብረት) ይያዝ። በአራት ማዕዘን አራት ባለ ማጥበቂያ ቀበቶ አስገቢ፣ ሞላው ትንሽ እስኪወርድ አጥብቂ፣ የፊት ጎማውን በእንጨት ደግፊ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዢ። ወደ አዲስ አበባ ከሆነ ሰርቦ ላይ፣ ወደ ቦንጋ ከሆነ ሰቃ ላይ ቆመሽ እንደገና አጥብቂ፤ ቀበቶ የሚላላው በመጀመሪያው ሃያ ኪሎ ሜትር ነው። መንገድ ላይ ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ ነዳጁን ልቀቂ፣ መሪውን ቀጥ አድርገሽ ያዢ። ፍሬን ደፍቶ መያዝም ሆነ መሪውን ወዲያ ወዲህ ማለት ያባብሰዋል።

ኳሱ የሚታሰረው ሁለቱን የሻንሲ ብረቶች በሚያገናኝ ወፍራም ብረት ላይ በብሎን ነው። ፓራውልት (የኋላ መከላከያ) ላይ ወይም ካሮሴሪያ (የመኪናው አካል ቆርቆሮ) ላይ የተበየደ መጎተቻ ካየሽ አትቀበዪ። ብሎኑ ራሱ ላይ 8.8 የሚል ጽሑፍ ይኑረው። የኳሱን መጠንም ለኪ። 50 ሚሊ ሜትርና የአሜሪካኑ ሁለት ኢንች ለዓይን አንድ ናቸው፤ ሁለት ኢንቹ ግን 50.8 ነው። ለ50.8 የተሠራ የተሳቢ ራስ 50 ኳስ ላይ ይላላል፣ ጉድጓድ ሲያገኝም ሊዘል ይችላል። ሁለት የደህንነት ሰንሰለት ከአንገቱ ሥር በመስቀል ይሂድ።

መብራት ላይ ሁለት ነገር ልንገርሽ። ኮስተሩ 24 ቮልት መሆኑን አለመሆኑን ከመግዛትሽ በፊት አረጋግጪ። ከሆነ የተሳቢው አምፖሎችም 24 ይሁኑ፤ 12 ከገጠሙ በሰከንድ ይቃጠላሉ። ለማቀዝቀዣውና ለስልክ 12 ቮልት ለማግኘት ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ መሳብ ደግሞ የተለመደ ግን ጎጂ ልማድ ነው። አንዱ ባትሪ እየደከመ ሌላው ከመጠን በላይ እየተሞላ ሁለቱም በአጭር ጊዜ ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀይር መሣሪያ ግዢ። ሁለተኛው ማሳው፣ ማለትም ወደ ባትሪው የሚመልሰው የኔጋቲቭ ገመድ ነው። ፍሬን ስትረግጪ የተሳቢው ፍሬቻ አብሮ ከበራ ወይም መብራቱ ከደበዘዘ፣ ገመዱን ሁሉ ከመፍታት በፊት ሶኬቱ ላይ የማሳውን ቀዳዳ እዪ። ዝገት እዚያ ነው የሚጀምረው።

የተሳቢው ኩሽኔታም ችላ ይባላል። ሲገጠም ጎማውን እያሽከረከሩ ዳዶውን (የሚይዘውን ነት) ማጥበቅ፣ ከዚያ ሩብ ዙር መመለስና ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግደውን ሽቦ) ማስገባት ነው። ሞዞው (ኩሽኔታው የሚቀመጥበት የጎማው እምብርት) እንደሞቀ ጅረት ውስጥ ከገባ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይስባል፤ ግራሱም ወተት ይመስላል። በክረምት የቦንጋን የጎን መንገዶች ካዘወተርሽ ግራሱን በየወቅቱ አስቀይሪ።

አንዳንድ ጋራዦች ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ) እንጨምርልሽ ይሉሻል። የጎበጠውን ቀና ያደርገዋል እንጂ የመጫን አቅም አይጨምርም፤ አክስሉ፣ ፍሬኑና ጎማው እንደነበሩ ናቸውና። የሃይሩፉ 195 ባለ 15 ጎማ ላይ 106 የሚል ቁጥር ካለ አንዱ ጎማ 950 ኪሎ ይችላል፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች 1,900። የውሃውን ታንከርና ባትሪውን ከኋላ በር አጠገብ ሳይሆን በሁለቱ አክስል መካከል አስቀምጪ።

የውስጡ ሥራ የቤተሰብ ምርጫ ስለሆነ ብዙ አልልም። ጅማ ዝናቡ ረጅም ነውና አራት ሰው ሃይሩፍ ውስጥ ተቀምጦ የሚያመሽባቸው ቀናት ብዙ እንደሚሆኑ ግን አስቢ። ጋዙ የሚቀመጥበት ሳጥን ከመኝታው የታሸገ፣ ወለሉ ላይ ወደ ውጭ ቀዳዳ ያለው ይሁን፤ ጋዙ ከአየር ይከብዳልና ወደ ታች ነው የሚፈሰው። እባክሽ ደግሞ ቡና ሲፈላ ከሰሉ ውጭ ይሁን። ዝናብ ቢዘንብም በመጠለያው ሥር እንጂ መኪናው ውስጥ አይግባ፤ የጠፋ የመሰለ ፍምም ቢሆን። ከከሰል የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ የተኛ ሰው ይገድላል፣ ልጆች ደግሞ ቀድመው ይጎዳሉ። ልጆቹ በጉዞ ላይ አልጋው ላይ አይተኙ። ቀበቶ ያላቸው አራት ወንበሮች ሳይነኩ ይቅሩ።

ወንበር ከማውጣትሽ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደሽ የአገልግሎትና የቅርጽ ለውጡን ጠይቂ፤ ሊብሬው ላይ ያለው ከመኪናው ካልገጠመ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቢ ትቸገሪያለሽ።

ሌላም መንገድ አለ። ቦንጋም ሚዛን ተፈሪም ባጃጅ ሞልቷል። ለሁለት ቀን ኮንትራት የምትከፍዪው የተሳቢውን ሥራ፣ ተጨማሪ ናፍጣውንና የፍሬን ሸራውን ያህል አይሆንም። የእናንተን ባጃጅ መውሰድ የግድ ካልሆነ እኔ ብሆን ተርቦ ሃይሩፍ ወስጄ ያለ ተሳቢ እሄዳለሁ። የግድ ከሆነ ደግሞ ኮስተር፣ ባለ ፍሬን ተሳቢ፣ 11 ሜትር የሚሆነውንም ርዝመት ወደ ኋላ መንዳት ሰፊ ሜዳ ላይ በደንብ መለማመድ።

ከመክፈልሽ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቂው፤ መኪናውን ዘጠኝ ኩንታል ተኩል ጭነሽ በቦንጋ መንገድ እስከ ጎጀብ ወንዝ ወርደሽ እንድትመለሺ። ሲወርድ ፔዳሉ ቢለሰልስ፣ ሲወጣ ሙቀቱ ቢጨምር ወይም ፍሪሲዮኑ ቢንሸራተት መልሱን አገኘሽ። ከዚያ እንደተጫነ የመኪና ሚዛን ካለው የቡና መጋዘን አንዱ ጋ ውሰጂው። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ፣ ቀጥሎ ሙሉውን አስመዝኚ፤ ልዩነቱ የኋላ አክስሉ ነው። ሁለቱን ቁጥሮችና ሊብሬው ላይ ያለውን ጠቅላላ ክብደት እዚሁ ጻፊልኝ፣ ምን እንደሚቀነስ አብረን እናያለን።