ከአንዷ ሐሙስ ጀምሪ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። እናቴ ባለፈው መጋቢት አረፈች። ካቶሊክ ነበረች፤ የከምባታ ልጅ፣ ዋሰራ ተወልዳ ያደገች። ሐዋሳ 40 ዓመት ያህል ኖረች፤ ሰባት ልጆችም አሳደገች። የቀብሯ ዕለት ወንድሜ በጥድፊያ የጻፈው ግማሽ ገጽ ተነበበ። «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ጸሎተኛ ነበረች» ይላል። ይሄማ የማንም እናት ነው ብዬ አለቀስኩ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር በሽተኛ ስትጠይቅና ጧሪ የሌለውን ስታጥብ ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው። ደሞዝ የለው፣ ወረቀት የለው። ለሙት ዓመቷ ትንሽ መጽሐፍ ልናሳትም ነው፤ መጻፉ ለእኔ ተሰጠኝ። የአባቴ ዘመዶች ኦርቶዶክስ ናቸው። አንዳንዶቹ «የሃይማኖቱን ነገር አታብዙት» ይሉናል። ከየት ልጀምር?
ልጇ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ የእናትሽን ነፍስ እግዚአብሔር ይማር፤ አንቺንም ያጽናሽ።

«የማንም እናት» ያልሽው ልቤን ነካው። እኔም እዚያው ቦታ ተቀምጬ አውቃለሁ። የእኔ እማዬም ካቶሊክ ነበረች፤ ከጉራጌ፣ ከእምድብር አካባቢ። በ2014 ዓ.ም. ስታርፍ የሕይወት ታሪኳን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ለቅሶ ቤቱ ጭር ሲል ጻፍኩት። «በተወለደች በ79 ዓመቷ» አልኩ። ሕዝብ ሰማው፤ ሐውልቷም ላይ ተቀረጸ።

ስህተት ነበር። እማዬ ያረፈችው በ87 ዓመቷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የክርስትና ወረቀቷ «1935» ይላል። እኛም በራሳችን አቆጣጠር ወሰድነው። ከዓመት በኋላ የተጠመቀችበት ቁምስና (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) ሄጄ መዝገቡን ሳየው በላቲን ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ቀኑም የፈረንጅ ነው። ሚሲዮናውያኑ የጻፉት በለመዱት አቆጣጠር ነበር። የፈረንጁ 1935 በእኛ 1927 መሆኑ ነው። ስምንት ዓመት ከእናቴ ላይ ቆርጫለሁ። ደግሞ ፍንጩ ሁልጊዜ አፏ ላይ ነበር። «ጣልያን ሲወጣ በእግሬ ሮጬ ነው ያየሁት» ትለን ነበር። ጣልያን የወጣው በ1933 ነው። በ1935 የተወለደ ልጅ እንዴት ሮጦ ያየዋል? ዕድሜ ልኬን ስሰማው ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አላሰላሁትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ዋሰራ ሂጂ፤ ካልሆነልሽ ሰው ላኪ። የካቶሊክ ቁምስና የጥምቀት መዝገብ ይይዛል። ሰውየው ሲያገባም ከጥምቀቱ መስመር ጎን ይመዘገባል። ከአንድ ገጽ ላይ የጥምቀት ቀኗን፣ የክርስትና እናቷን፣ አንዳንዴም የጋብቻዋን ቀን ታገኛለሽ። ቀኑ የፈረንጅ ከሆነ ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ ላለው ስምንት ዓመት ቀንሺ፤ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው ደግሞ ሰባት። ስሟም ተለውጦ ልታገኚው ትችያለሽና እንዳትደነግጪ። የእማዬ «ማሪያ» ተብሎ ነው የተጻፈው። እንደዚያ ብሎ የጠራት ሰው ግን አላውቅም።

ወረቀት የለንም ላልሽው። እናትሽ ከየትኛው ማኅበር ጋር እንደነበሩ አልነገርሽኝም። ካቶሊክ ሴቶች ሁለት ሁለት ሆነው ቤት ለቤት የሚዞሩባቸው ሁለት የታወቁ ማኅበራት አሉ። አንዱ የማርያም ሠራዊት የሚባለው ነው፤ በ1921 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ደብሊን ውስጥ ተጀመረ። ሌላው የቅዱስ ቪንሰንት ማኅበር ነው፤ እሱ በዚያው አቆጣጠር በ1833 ፓሪስ ላይ በወጣት ተማሪዎች የተጀመረ ነው። የማርያም ሠራዊት ከሆነ ዕድለኛ ነሽ። በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዷ የት እንደሄደችና ምን እንደሠራች ትናገራለች፤ ጸሐፊዋ ትይዛለች። ደብተሩ የአንድ ሰው ሳጥን ውስጥ ይኖራል። የድሮዋን ጸሐፊ ፈልጊ፤ እሷ ካረፈች ልጆቿን ጠይቂ።

የእማዬን ማኅበር ሦስት ደብተር አግኝቻለሁ። ሽፋኑን አይጥ በልቶታል። ውስጡ ግን እንዲህ የሚል ነው፦ «ሆስፒታል ሄድን። አንዲት ከገጠር የመጣች እናት፣ አስታማሚ የላትም። ልብሷን አጠብን። ፀጉሯን ሠራን።» በሚቀጥለው ሳምንት፦ «ያቺ እናት አረፈች። አስከሬኗን የሚወስድ ስለጠፋ ከዕድሩ ጋር ተነጋገርን።» ይኸው ነው። ደግ ነበረች የሚል ቃል የለበትም። እኔ ግን እያነበብኩ ጉንጬ ሁሉ እንባ ሆነ።

አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። የተረዱትን ሰዎች ስም ያለ ፈቃዳቸው አታትሚ። እናትሽ ከነዚያ ቤቶች ሲወጡ ያዩትን ሁሉ አላወሩም ይሆናል። ዝምታቸውን አክብሪላቸው።

ከደብተሩ ቀጥሎ ሰው ነው። እዚህ ላይ አጠያየቅሽ ወሳኝ ነው። «እናቴ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» ካልሽ፣ «ኧረ መልአክ ነበረች» ይሉሽና ያበቃል። ይልቅ «ስትመጣ ምን ይዛ ነበር? በስንት ሰዓት? የት ቦታ ተቀመጠች?» በያቸው። እኔ የእማዬን ጎረቤት እንዲህ ስጠይቃቸው ነው ቦርሳዋ የተከፈተልኝ። አጃ በፔርሙዝ፣ ቫዝሊን፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጥፍር መቁረጫ። ሐሙስ ሐሙስ ስድስት ኪሎ፣ የማዘር ቴሬዛ እህቶች ዘንድ ነበር የምትሄደው። የእነሱ ማኅበር አዲስ አበባ የገባው በ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ወድቀው የቀሩ በሽተኞችን ይሰበስባሉ፤ መርዳት የሚፈልግ ሰው ሄዶ ያግዛል። እማዬ የሽማግሌዎቹን እግር ጥፍር ትቆርጥ ነበር። የ80 ዓመት ሰው የእግር ጥፍር እንዴት እንደሚጠነክር የቆረጠ ያውቃል። ሞቅ ባለ ውኃ ታሺዋለሽ፣ ትጠብቂያለሽ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ትቆርጪያለሽ። አንድ ሰው ላይ ሩብ ሰዓት ታጠፋ ነበር።

እንግዲህ ከየት ልጀምር ላልሽኝ መልሴ ይሄ ነው። ከአንዷ ሐሙስ ጀምሪ። የእናትሽ ሐሙስ ማክሰኞ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ተነስተው ማታ እስኪመለሱ ጻፊው። ልደቱ፣ ትዳሩ፣ የልጆቹ ስም በሁለተኛው ገጽ ይምጣ፤ አይጠፋም።

ደግሞ የቤቱን ነገር አትደብቂ። እማዬ ሐሙስ ወጥ አትሠራም ነበር። የረቡዕ ሽሮ ሞቆ ነው የሚበላው። ልጅ ሆኜ ይሄ ያናድደኝ ነበር። አሥራ አራት ዓመቴ ላይ «ለማያውቁሽ ሰዎች እናት ነሽ፣ ለእኛስ?» ብያታለሁ። ምንም አልመለሰችልኝም። በሚቀጥለው ሐሙስ ግን ቀስቅሳ ይዛኝ ሄደች። ፔርሙዙን እኔ ተሸከምኩ። ይሄን በመጀመሪያው የሕይወት ታሪክ ላይ አላስገባሁትም፤ አፍሬ ነበር። አሁን ብጽፈው ኖሮ ከሱ እጀምር ነበር። ሰባት ልጅ ያሳደገች ሴት ለሰው ቤት ጊዜ ስታገኝ ከሆነ ቦታ ወስዳው ነው። ከየት እንደወሰዱት እህት ወንድሞችሽን ጠይቂ። የሸፈነችላት ታላቅ እህት ካለች ስሟ ይገባል።

ወደ ሃይማኖቱ ልምጣ። የአባትሽ ዘመዶች ክፉ አስበው አይመስለኝም። ሀዘን ላይ ክርክር እንዳይነሳ ፈርተው ነው። ግን እናትሽ ከቤት የወጡት በእምነታቸው ምክንያት ነው። እሱን ካወጣሽው ለምን እንደሄዱ አንባቢው አይገባውም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የአገራችን ካቶሊኮች ከመቶ 0.7 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ብዙ አንባቢሽ አያውቅም፤ ሳታብራሪ አትለፊ። በእናንተ በኩል የሚቀደሰው በላቲን (በምዕራብ ቤተ ክርስቲያን) ሥርዓት ነው፤ በእኛ በእምድብር በግእዝ ሥርዓት ነው። መቁጠሪያው ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው። አምስት ጊዜ አሥር አሥር እያሉ የሚደግሙት የገብርኤል ሰላምታ ነው። የአባትሽ ዘመዶችም ጠዋት ጠዋት እመቤታችንን በገብርኤል ሰላምታ ሰላም እያሉ ያደጉ ናቸውና ሲያነቡት ባዕድ አይሆንባቸውም።

በእኛ ሰፈር ግንቦት ልደታን ውጭ ወጥተን አብረን ነበር የምናከብረው። እማዬ ንፍሮውን ትቀቅላለች፤ ኦርቶዶክሷ ጎረቤታችን ቡናውን ታፈላለች። የማን ቤተ ክርስቲያን የሚል ጥያቄ ተነስቶ አያውቅም። እናንተ ጋም እንዲህ ያለ ቀን አይጠፋምና ፈልገሽ አስገቢው። ከማስረዳት ይሄ ይበልጣል።

ደግሞ ለሙት ዓመቱ ቅዳሴ የምታነቡት ነገር ካለ አስቀድመሽ ቄሱን አናግሪ። ስብከቱ የወንጌል ነው፤ የሕይወት ታሪክ የሚነበብበትን ሰዓት እሳቸው ይነግሩሻል። ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ ሙሉው በመጽሐፉ ይነበባል።

የመጨረሻው ነገር የጸሎት መጽሐፋቸው ነው። ማንም ሳያጸዳው ዛሬውኑ ውሰጂው። በየገጹ መሐል ያለውን ቁርጥራጭ ወረቀት አትጣዪ፤ ያለበትንም ገጽ ምልክት አድርጊበት። ከእማዬ መጽሐፍ ውስጥ የተጣጠፈ የሲጋራ ካርቶን ወድቆ አገኘሁ። በእርሳስ 17 ስም ተጽፎበታል። ከ11ዱ ጎን ትንሽ መስቀል አለ። ያረፉት ናቸው። ከስድስቱ ሦስቱን በአካል አግኝቻቸዋለሁ፤ አንደኛው አሁንም ስድስት ኪሎ አሉ። ስሟን ስጠራላቸው እግራቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡና አሳዩኝ።