«አሮጌ ነው» ማለት ከፈቃድ አያድንም

ጥያቄ፦ አባቴ ሲያርፉ ከሣጥናቸው ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ወጣ። አያቴ ከጣልያን የማረኩት ነው ሲባል ነው ያደግነው። አፈሙዙ ላይ በቀኝ በኩል «ኤስ 1895» ይላል፤ ዝጓል። ባሕር ዳር ያለ አንድ ሰው «ቅርስ ስለሆነ ፈቃድ አያሻውም፣ አምጣና ልግዛህ» ይለኛል። ታናሽ ወንድሜም ይሸጥ ባይ ነው። ዕድሜውንና ዋጋውን እንዴት ልወቅ? (ከቢቸና)

መልስ፦ አባትዎን ነፍስ ይማር። ዕድሜው ይቀላል። 1895 የፈረንጅ ዘመን ነው፤ በእኛ 1887 ወይም 1888 ይሆናል፣ ከዓድዋ በፊት። የጻፉልኝ ምልክት የፈረንሳይ ጦር ሞዴል 1892ን ይመስላል፤ ሴንት ኤቲየን በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ የተሠራ፣ የ8 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ፣ ጥይት መያዣው ወደ ቀኝ የሚከፈት። የጣልያን ጦር ስድስት ጎራሽ ቦዴዎ ሞዴል 1889 ነበር፤ ጥይቱም 10.35 ሚሊ ሜትር። አያትዎ አልማረኩትም ለማለት አይደለም፤ በጅቡቲ በኩል የፈረንሳይ መሣሪያ ብዙ ገብቷልና ታሪኩን የሚደግፍ ወረቀት ወይም ፎቶ ካለ ይፈልጉ። ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው።

ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እንዳይፍቁት! ዓመቱና ተከታታይ ቁጥሩ አብረው ይጠፋሉ። ዋጋው ይወድቃል፤ ቁጥሩ የተፋቀ መሣሪያ ደግሞ ፖሊስ ዘንድ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። ጥይት ይኖርበት እንደሆነም አይታወቅምና ራስዎ አይነካኩት።

አሁን ወደ ሕጉ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ የተከለከለ ነው፤ የሽጉጡ እርጅና ብቻውን ነጻ አያወጣዎትም። አባትዎ ፈቃድ ቢኖራቸው እንኳ በእሳቸው ስም ነበር። ስለዚህ ከወረዳ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያውጡ፤ ከዚያ ሽጉጡን ቤት ትተው ማመልከቻ ብቻ ይዘው ወረዳው ፖሊስ ይሂዱ። ማመልከቻው ሁለት ቅጂ ይሁን፣ አንደኛው ላይ የገቢ ማህተም አስመትተው ያስቀሩ። መሣሪያውን እንዴት እንደሚያቀርቡ እነሱ ይንገሩዎት። በዚህ ጊዜ ከረጢት ውስጥ ሽጉጥ ይዞ ኬላ ማለፍ እብደት ነው።

የባሕር ዳሩ ሰው ነገር አልጣመኝም። ቅርስ ከሆነማ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይጨመርበታል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ሕገ ወጥ ጉዳይ ላይ የተደረገ ውል ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1716 መሠረት ዋጋ የለውም። ገንዘቡን ቢከለክልዎ ከሳሽ ሆነው መቅረብ ይከብድዎታል።

በውጭ ጨረታ የሚሰሙትን ዋጋ እዚህ አያምጡት፤ እዚያ የሚገዛው ሕጋዊ ገበያ ላይ ነው። ለእናንተ የሚያስፈልገው የክፍፍል ግምት ነው። ከወንድምዎ ጋር በግምቱ ተስማምታችሁ፣ ፈቃድ የሚያገኘው ወስዶ ለሌላው በገንዘብ ያካክስ፤ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት፣ ሁለታችሁም ከእማኞች ጋር ፈርሙበት። ሁለታችሁም ፈቃድ ካላገኛችሁ በፖሊስ በኩል ከማስረከባችሁ በፊት ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሙዚየም የሚረከበው እንደሆነ ጠይቁ።