መብራት ሲጠፋ ሰመመን እንዴት እንስጥ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍሎች፣ ወሎ ገጠር ሆስፒታል የምሰራ የሰመመን ባለሙያ ነኝ። መብራት በየጊዜው ይጠፋል፣ የኦክስጅን ሲሊንደርም ከደሴ እስኪመጣ ይቆያል። ስቶር ውስጥ አሮጌ ድሮውኦቨር ቬፖራይዘር (ፈሳሽ የሰመመን መድኃኒት የሚያተን ዕቃ) አገኘን፣ ልንጠቀምበት እንችላለን?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ጥሩ ነገር ነው ያገኛችሁት። እሱ የታመቀ ጋዝም መብራትም አይፈልግም፣ በሽተኛው ሲተነፍስ ወይ አንተ ባጉን ስትጫንለት የክፍሉ አየር በሃሎቴኑ (በፈሳሹ የሰመመን መድኃኒት) ላይ አልፎ ትነቱን ይዞ ይገባል፣ በቃ ይሄው ነው። ግን ኦክስጅኑን አደራ! ደሴ እንኳ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ያው 21 ፐርሰንት ኦክስጅን ቢኖረውም ግፊቱ ከባህር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል፣ ሃሎቴን ደግሞ ትንፋሽ ያዳክማል፣ ስለዚህ በቬፖራይዘሩ መግቢያ በኩል ቲ ፒስ (ባለሦስት አፍ ማገናኛ) እና ረዘም ያለ ቱቦ አድርገህ ከኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን ከሚለየው ማሽን) በደቂቃ 1 ሊትር ኦክስጅን እንኳ ብትጨምርለት ብዙ ለውጥ አለው። መብራት ከጠፋ ኮንሰንትሬተሩም ይቆማልና አንድ ሙሉ ሲሊንደር አጠገብህ ይቀመጥ፣ ፐልስ ኦክሲሜተር (የደም ኦክስጅን መለኪያው) ከበሽተኛው ጣት እንዳይወርድ።

መጀመሪያ ግን የቬፖራይዘሩን መደወያ አዙረው። ሃሎቴን እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ታይሞል አይተንም፣ ቡናማ ሙጫ ሆኖ ይቀርና መደወያውን ያጣብቀዋል። ከተጣበቀ ወይ ጎማው ከተሰነጠቀ ባዮሜዲካል ባለሙያ ሳያየው በሽተኛ ላይ እንዳትሞክረው።