«ስፖንሰርሺፕ ያስፈልግዎታል?» ሲሉኝ «አይ» ልበል?

ከባሕር ዳር የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉን ባጭሩ ላስቀምጠው። ባለፈው ዓመት ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተመርቀሻል። ኤግዚት ኤግዛሙንም አልፈሻል። አሁን አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ዌብሳይትና የክፍያ ሲስተም ትሠሪያለሽ፤ ደሞዙ ግን ከቤት ኪራይ አያልፍም። ማታ ማታ ሊንክድኢን ላይ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ ጀርመን ሳትዪ ታመለክቻለሽ። መልሱ ወይ ዝምታ ነው፣ ወይ ማሽን የላከው «እናዝናለን»። ሦስት ነገር ጠየቅሽኝ። የሥራ ማመልከቻ ቅጹ ላይ «ቪዛ ስፖንሰርሺፕ ያስፈልግዎታል?» (ቀጣሪው ቪዛ ያስወጣልዎት ወይ ማለት ነው) ሲሉኝ «አይ» ብል ምን ችግር አለው? የትኛው አገር ይሻለኛል? ደላላው ለፖላንድ የጠየቀኝን 400 ሺህ ብር አባቴ መሬት ሸጦ ሊከፍልልኝ ነው፣ ልቀበል?

የመጨረሻውን ላስቀድም። አትቀበዪ። አባትሽ ለጊዜው መሬቱን እንዳይነኩት ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ቅጹ። «አይ» አትበዪ። ሥራው ቢሳካ እንኳ ውል ሊፈረም ሲል ፓስፖርትሽን ይጠይቁሻል፣ ነገሩ እዚያው ይፈርሳል። ስምሽም በዚያ ድርጅት ሲስተም ውስጥ በውሸት ተመዝግቦ ይቀራል። በርግጥ ጥያቄው ማጣሪያ መሆኑን አላጣሁትም። ብዙ ቦታ «አዎ» ያለ ማመልከቻ ሰው ሳያየው ይጣላል። ስለዚህ ማመልከት ያለብሽ «አዎ» ማለትሽ ቀጣሪውን ብዙ የማያስወጣበት ቦታ ነው። ይህ ደግሞ በአንቺ ችሎታ ብቻ አይወሰንም። የአገሩ ሕግ ቀጣሪውን ምን ያህል ያስከፍለዋል የሚለውም አለ። እስቲ አንዴ ከቀጣሪው ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አስቢው።

አሜሪካ ያለ ድርጅት ላንቺ የኤችዋንቢ (ለውጭ ባለሙያ የሚሰጠውን የሥራ) ቪዛ ማስወጣት ቢፈልግ መጋቢት ላይ ይመዘግብሻል። ኮታው በዓመት 65 ሺህ ነው፣ እዚያው ማስተርስ ለሠሩ ደግሞ ተጨማሪ 20 ሺህ አለ። ተመዝጋቢው ከዚህ በላይ ስለሆነ በዕጣ ይመረጣል። ዕጣው ቢወጣልሽም ሥራ የምትጀምሪው ጥቅምት ላይ ነው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 የወጣው አዋጅ ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው በሚቀርብ አዲስ ማመልከቻ ላይ 100 ሺህ ዶላር ጫነበት። ለጀማሪ ፕሮግራመር ይህን የሚከፍል ማን አለ? እዚያ ሲሠሩ የምታያቸው የኛ ልጆች ብዙዎቹ በተማሪነት ሄደው፣ ከምረቃ በኋላ ለተማሪ በሚሰጠው 12 ወርና ለሳይንስና ቴክኖሎጂ በሚጨመረው 24 ወር ሥራ የጀመሩ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አጎትሽ ቢወድሽም የቀጣሪውን ሒሳብ አይቀንስልሽም። አሜሪካን ለጊዜው ከዝርዝርሽ ሰርዢ።

እንግሊዝ ዕጣ የለም፤ ግን ሊቀጥርሽ የሚችለው የስፖንሰር ፈቃድ ያለው ድርጅት ብቻ ነው። ዝርዝራቸውን መንግሥት በድረ ገጹ በይፋ ያወጣዋል። ስሙ እዚያ ከሌለ ማመልከቻ አትላኪ። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ የደሞዙ ወለል 41,700 ፓውንድ ሆኗል። ከ26 ዓመት በታች ላለ ጀማሪ 33,400 ነው፣ የሙያው የራሱ ተመን ግን ከዚህ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ኔዘርላንድም እንዲሁ እውቅና የተሰጣቸው ቀጣሪዎች ይፋዊ መዝገብ አላት። ካናዳ ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው፣ ባለሙያዎችን በነጥብ በምትመርጥበት መንገድ ከዚህ ሆነሽ ለመግባት ቢያንስ የአንድ ዓመት የሙያ ልምድ ትጠይቃለች፣ እሱም የበሩ መግቢያ ብቻ ነው።

ጀርመን ላይ ትንሽ ልቆይ። ላንቺ ይሻላል የምለው እሱ ስለሆነ ነው።

እዚያ ቀጣሪው የስፖንሰር ፈቃድ አያስፈልገውም። ዕጣም ኮታም የለም። የታወቀ ዲግሪና ከተወሰነ ወለል በላይ የሚከፍል የሥራ ውል ካለሽ ብሉ ካርድ ለሚባለው የባለሙያ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ታመለክቻለሽ። ወለሉ በየጥር ወር ይቀየራል። በ2025 መደበኛው በዓመት 48,300 ዩሮ ነበር፤ በተመረቁ በሦስት ዓመት ውስጥ ላሉና ሰው በጠፋባቸው ሙያዎች ለሚቀጠሩ 43,759.80 ዩሮ። ሶፍትዌር ሰው ከጠፋባቸው ሙያዎች ውስጥ ነው። ይህን ልብ በዪ፦ ሦስቱ ዓመት ቢያልፍሽም ዝቅተኛው ወለል በሙያሽ በኩል ይቆይልሻል። «አሁን ካልሄድሽ አለቀ» የሚልሽን ሰው አትስሚ።

ዲግሪሽ መታወቁን የምታዪው አናቢን በሚባለው የጀርመኖች የመረጃ ቋት ነው። በነጻ ይከፈታል። ዩኒቨርሲቲሽን ፈልጊ፣ አጠገቡ ኤች ፕላስ (H+) የሚል፣ እውቅና ያለው ተቋም መሆኑን የሚያሳይ ምልክት መኖሩን እዪ። ቀጥሎ ዲግሪሽ ራሱ ከጀርመኑ ጋር ተመጣጣኝ ተብሎ መቀመጡን አረጋግጪ። ሁለቱም ካሉ ገጹን አትመሽ አስቀምጪው። ዲግሪው ካልተዘረዘረ ዛብ ለሚባለው የውጭ ትምህርት ማስረጃ መዛኝ መሥሪያ ቤት በኦንላይን ታመለክቻለሽ። ክፍያው 208 ዩሮ ነው። ይህን ገንዘብ ከየትም ፈልገሽ አውጪው። ለደላላ ከሚከፈለው ጋር አይወዳደርም፣ የምታገኚውም ወረቀት የትም ይዘሽው የምትሄጂው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ አመልካቾች አይጠቀሙበትም። ትንንሽ የጀርመን ድርጅቶች ሰው ከአፍሪካ ለማምጣት የሚፈሩት ሂደቱን ስለማያውቁት ነው። አንቺ አስረጂያቸው። ማመልከቻሽ ላይ ከሙያሽ በኋላ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጨምሪ፦ ዲግሪዬ በአናቢን የታወቀ ነው፤ በዚህ ደሞዝ ለብሉ ካርድ ብቁ ነኝ፤ ከናንተ የሚፈለገው የሥራ ውልና የቅጥር መግለጫ ቅጽ ነው። ከቸኮሉ ደግሞ ፈጣኑ መንገድ አለ። ቀጣሪው አንቺን ወክሎ በከተማው የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ 411 ዩሮ ከፍሎ ያስጀምረዋል። ቅድመ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ኤምባሲው በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀጠሮ መስጠት አለበት። ለኤምባሲ ቀጠሮ ወራት የጠበቀ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

የአክስትሽ ልጅ ፍራንክፈርት ሆና «በቻንሰንካርተ ነይ» ያለችሽ፣ ከሰኔ 2024 ጀምሮ ያለውን የሥራ መፈለጊያ ፈቃድ ነው። እስከ አንድ ዓመት እዚያው ሆነሽ ትፈልጊያለሽ፣ በሳምንትም 20 ሰዓት መሥራት ይቻላል። ዲግሪሽ ሙሉ በሙሉ ተመጣጣኝ ከተባለ ነጥብ አይቆጠርብሽም። ካልተባለ 6 ነጥብ ያስፈልግሻል። አንቺን ልቁጠርሽ። ከ35 ዓመት በታች ስለሆንሽ 2። ሙያሽ ሰው የጠፋበት ስለሆነ 1። እንግሊዝኛሽ ሲ1 የሚባለው ከፍተኛ ደረጃ መሆኑን በፈተና ካሳየሽ 1። አራት ላይ ነሽ። ጀርመንኛ ኤ2 (የጀማሪ ደረጃ) አንድ ነጥብ ነው፣ ቢ1 (መካከለኛ) ሁለት። ስለዚህ ቢ1 ከያዝሽ ስድስት ሞላ። ሁለት ዓመት በሙያሽ ከሠራሽ ደግሞ ሌላ ሁለት ይጨመርልሻል።

ይሁን እንጂ አሁን በዚህ መንገድ ሂጂ አልልሽም። በ2025 ስሌት በወር 1,091 ዩሮ፣ በዓመት 13,092 ዩሮ እንዳለሽ ማሳየት አለብሽ። ወይ ብሎክድ አካውንት (በየወሩ የተወሰነ ብቻ የሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) ውስጥ ይገባል፣ ወይ ዘመድሽ ወጪዋን እችላለሁ ብላ እዚያ ባለሥልጣን ፊት ትፈርማለች። ፊርማው ቀልድ አይደለም፤ አንቺ ብትቸገሪ የሚጠየቁት እሷን ነው። ልምድ ሳይኖርሽ ሄደሽ ዓመቱ ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን ስታጥቢ ካለቀ ለሁለታችሁም ከባድ ነው። የጀማሪ ፕሮግራመር ገበያ ከ2022ቱ የሠራተኛ ቅነሳ ወዲህ እዚያም ቀዝቅዟል።

ስለዚህ የኔ ምክር ይኸው። ቢያንስ ሁለት ዓመት እዚሁ ሥሪ፣ በጎን ጀርመንኛ ተማሪ። ደስ እንደማይልሽ አውቃለሁ። ግን አሁን ያለሽበትን ሥራ የናቅሽው ይመስለኛል። ሲቪሽን አየሁት። «ዌብሳይትና የክፍያ ሲስተም ሠርቻለሁ» ይላል፣ በቃ። ከሥሩ ደግሞ የኮደርስ ሰርተፊኬት፣ የአጫጭር ኮርስ ሰርተፊኬት፣ ሌላም ሰርተፊኬት ተደርድሯል። ሰርተፊኬቱን ቀጣሪው አያነበውም። እኔ ማወቅ የምፈልገው ሌላ ነው። ደንበኛው በቴሌብር ከፍሎ ማረጋገጫው ሳይመጣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ሲስተምሽ ምን ያደርጋል? ሰውየው ተናዶ ቁልፉን ሁለቴ ቢጫን ሁለቴ ይቆረጥበታል? ማታ የባንኩ ሒሳብና የናንተ መዝገብ ሳይገጥም ሲቀር ማን ያገኘዋል፣ እንዴት?

ደብዳቤሽ ላይ እንደዋዛ «ድርብ ክፍያ ያስቸግረን ነበር፣ አስተካክዬዋለሁ» ብለሻል። እህቴ፣ የሲቪሽ የመጀመሪያ መስመር መሆን ያለበት እሱ ነው! በርሊን ያለ የክፍያ ድርጅት ኢንጂነር ያንን ሲያነብ ቀና ይላል። የሱም ራስ ምታት ነውና። ችግሩ ምን እንደነበር፣ ምን እንደሞከርሽ፣ ከዚያ በኋላ ቅሬታው ምን ያህል እንደቀነሰ በአራት መስመር ጻፊ። የድርጅቱን ኮድ ማሳየት አትችዪም፣ ተይው። ተመሳሳዩን ችግር በትንሹ ራስሽ ሠርተሽ ኮድ ለሰው በሚታይበት ድረ ገጽ፣ ጊትሀብ ላይ አስቀምጪ። ማንም የሚሠራውን የ«ቱዱ ሊስት» አፕ ደግሞ ከዚያ አንሺልኝ።

የርቀት ሥራም ፈልጊ። ከጀርመን ጋር ያለን የሰዓት ልዩነት በበጋቸው አንድ፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ከካሊፎርኒያ ጋር እንደሚሠራ ሰው ሌሊት መንቃት የለም። መጀመሪያ በኮንትራት አሠርተው ያወቁሽ ድርጅት ማንነትሽን ከማያውቅ ድርጅት ይልቅ ያንን የቅጥር መግለጫ ቅጽ ለመሙላት ይቀለዋል።

ሁለት ዓመት መጠበቅ ካልሆነልሽ ሌላው መንገድ ትምህርት ነው። ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይከፍላል፣ የብዙዎቹ ፕሮግራሞች ማመልከቻ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ጀርመን ውስጥ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የላቸውም፣ ባደን ቩርተምበርግን የመሳሰሉ ያስከፍላሉ። ለተማሪ ቪዛ የሚታየው ገንዘብ በ2025 በዓመት 11,904 ዩሮ ነበር። ዋናው ጥቅሙ ከምረቃ በኋላ ሥራ የምትፈልጊበት 18 ወር መስጠቱ ነው። ያኔ ቀጣሪው አንቺን ለማየት ቪዛ አይጠብቅም፣ ነገ ለኢንተርቪው ነይ ይልሻል።

አሁን ደላላው። «መጋዘን ውስጥ ትጀምሪያለሽ፣ ከዚያ ወደ አይቲ ትቀይሪያለሽ» ብሎሻል። የፖላንድ የሥራ ፈቃድ የሚወጣው በአንድ ቀጣሪ ስምና ለአንድ የተወሰነ ሥራ ነው። የሚያመለክተውም ቀጣሪው ነው። ወደ ሶፍትዌር ለመዛወር ሌላ ቀጣሪ አዲስ ፈቃድ ያወጣልሻል ማለት ነው፣ ዛሬ ያጣሽውን ያንኑ ቀጣሪ። ታዲያ 400 ሺህ ብሩ ለምኑ ነው? የድርጅቱን ስም ጠይቂውና በፖላንድ የንግድ መዝገብ ውስጥ ፈልጊው። ኤጀንሲ ነኝ ካለ ፈቃዱን በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አጣሪ። ስሙን ሳይሰጥ «ፕሮሰስ ላይ ነው» ካለሽ መልስሽን አግኝተሻል።

ጓደኛሽ ስላየችው የታይላንድ «የኮምፒውተር ሥራ» ደግሞ ጠንከር ብዬ ልናገር። በ2025 መጀመሪያ ምያንማር ድንበር ላይ ከነበሩ የኦንላይን ማጭበርበሪያ ካምፖች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲለቀቁ ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩባቸው። ብዙዎቹ የተወሰዱት ባንኮክ ጥሩ ሥራ አለ ተብለው ነው። እንግሊዝኛና ኮምፒውተር የሚችል ወጣት የሚፈለገው ለዚሁ ነው። ቴክኒካል ኢንተርቪው የሌለው፣ በቴሌግራም ብቻ የሚያወራ፣ ቲኬቱን በሁለት ቀን የሚልክ «ቀጣሪ» ካጋጠማት ስልኩን ትዝጋው።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ልትሠሪው የምትችዪው ወረቀቱን ነው። አሁን በእጅሽ ያለው ቴምፖ ነው ብለሻል። ኮስት ሼሪንጉን ጨርሰሽ ኦሪጅናል ዲግሪሽንና ትራንስክሪፕቱን አውጪ፤ ጥሩ ቀጣሪ ከተገኘ በኋላ መሮጥ ወራት ይበላል። ከዚያ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጪው። ፓስፖርትሽን ከማውጣትሽ በፊት ደግሞ ዲግሪው ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ የስም አጻጻፍ እዪ። የአባትሽ ስም አንዱ ላይ በአንድ ፊደል፣ ሌላው ላይ በሁለት ተጽፎ ከሆነ ዩኒቨርሲቲሽ ሬጅስትራር ሄደሽ አሁኑኑ አስተካክዪው። የአናቢን ውጤትሽን ስታዪ ጻፊልኝ፣ ኤች ፕላስ ካልሆነ የዛብን ቅጽ አብረን እንሞላዋለን።