ጠመንጃው ትከሻዬን ይመታኛል

ጥያቄ፦ 7.62 በ51 ሚሊሜትር ጥይት በሚጎርስ ጠመንጃ ኢላማ ስተኩስ ትከሻዬ ይበልዛል፤ ምቱም ከኢላማው በታች ያርፋል። ጥይት ልቀይር?

መልስ፦ መጀመሪያ አያያዝዎን ያስተካክሉ። ሰደፉ በደረትና በትከሻ መካከል ባለው ሥጋማ ጎድጓዳ ቦታ ጠበቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ክንድዎ ላይ ፈጽሞ አይረፍ። ክፍተት ከተዉ ጠመንጃው ተንደርድሮ ስለሚደርስ ያበልዛል።

ከኢላማው በታች መምታትዎ ግን ብዙ ጊዜ ከድንጋጤ ነው። ሌላ ሰው ባሩድ የሌለው መለማመጃ ጥይት ከእውነተኛዎቹ ጋር ቀላቅሎ ያጉርስልዎት። ቃታው ቀጭ ብሎ ሳይተኩስ አፈሙዙ ወደ ታች ከዘለለ፣ ጥይቱን አይውቀሱት። ያን ጊዜም አፈሙዙን ከኢላማው ሳያዞሩ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለ።

ጥይት ከቀየሩ ቀለል ያለ አረርና አነስ ያለ ባሩድ ያለውን ይምረጡ። የጠመንጃው ክብደትም ዋጋ አለው፦ በዚያው ጥይት 3.5 ኪሎው ከ4.5 ኪሎው 29 በመቶ ያህል በበለጠ ጉልበት ወደ ኋላ ይመታል።