ከሁሚራ በፊት የቲቢ ምርመራ

እህቴ፣ «ሐኪሜ ለሩማቶይድ አርትራይተስ (መገጣጠሚያ ለሚያቆጣው በሽታ) ሁሚራ የሚባል መርፌ ጀምሪ አለኝ። የሰውነት መከላከያ ያዳክማል ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ፣ የወሰደ አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ እዚሁ አሜሪካ አምስት ዓመት ወስጄዋለሁ።

ፍርሃትሽ ይገባኛል። እኔም ጣቶቼ አልታጠፍ ብለው የልጄን የልብስ ቁልፍ መቆለፍ እያቃተኝ፣ ሜቶትሬክሴት የሚባለው የበፊቱ መድኃኒቴ ይበቃኛል እያልኩ ወራት አባክኛለሁ። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ቲኤንኤፍ የሚባል፣ ሰውነታችን ራሱ የሚያመርተው ነገር አለ። እኛ ላይ ከልክ ያልፍና መገጣጠሚያችንን ያቆጣል። ሁሚራ እሱን ይዞ ሥራ የሚያስፈታ አንቲቦዲ ነው። ግን ይኸው ቲኤንኤፍ ሳንባ ውስጥ የተኛ ቲቢ ካለ አጥሮ ለመያዝም ያገለግላል። አጥሩ ሲላላ ቲቢው ይነሳል። እኛ ደግሞ ቲቢ ከበዛበት አገር ነው የመጣነው።

መጀመሪያ ያየኝ ክሊኒክ ስለ ቲቢ አንድም ቃል አልጠየቀኝም። ሁለተኛዋ ሐኪም ግን የት እንዳደግሁ ጠየቀችኝ። ሲያስል ከኖረ አጎቴ ጋር አንድ ቤት ነበርን። ስለዚህ ባትጠየቂም ተናገሪ! የደም ምርመራ ይሻላል፤ የቆዳውን ምርመራ በልጅነት የተከተብነው የቲቢ ክትባት፣ ቢሲጂ፣ ሊያሳስተው ይችላል። የእኔ ደም የተኛ ቲቢ አሳየ። ሳል የለኝ፣ ራጁም ንጹህ። ሪፋምፒን የሚባል የቲቢ መድኃኒት አራት ወር ወሰድኩ። ሽንቴ ብርቱካናማ ሲሆን ክው ብዬ ነበር፤ ለካ መድኃኒቱ ነው። እሱን አንድ ወር እንደወሰድኩ የሁሚራው መርፌ ተጀመረልኝ። የሄፓታይተስ ቢ (የጉበት ቫይረስ) ምርመራም አትዝለዪ።

መርፌው ራሱ ቀላል ነው። በየሁለት ሳምንቱ 40 ሚሊግራም፣ ጭን ወይም ሆድ ላይ። ከፍሪጅ አውጥተሽ ግማሽ ሰዓት አቆዪው፣ ያኔ ብዙም አያቃጥልም። ለእኔ ለውጡ የታየኝ በሁለተኛው ወር ነው፤ ቶሎ ተስፋ አትቁረጪ። ትኩሳት ካለሽ ሳትወጊ ሐኪምሽ ጋር ደውዪ። ኢንሹራንሱ በሌላ ስም ቢቀይርብሽም አትደንግጪ፣ ከ2023 ወዲህ የሁሚራ ተመሳሳይ መድኃኒቶች እዚህ ገበያ ገብተዋል።

እናቴ ጸበል ሂጂ ስትለኝ ሄጃለሁ። መርፌዬን ግን አላቋረጥኩም።

አገር ቤት ስትሄጂ በእጅ ሻንጣሽ ያዢው፣ በረዶ ከሠራ ይጣላል። ከፍሪጅ ውጭ፣ ከ25 ዲግሪ ሳያልፍ፣ 14 ቀን ይቆያል። የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ቫይረስ ያለበት ስለሆነ ለእኛ አይሰጥም፤ ትኬት ሳትቆርጪ ሐኪምሽን አማክሪ። የደም ምርመራሽ ውጤት ሲመጣ እዚሁ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።