«ተባረክ» ስንል ባራኪው ማን ነው?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጻፉልኝ፦ «መምህር፣ ሰው ውለታ ሲውልልኝ 'ተባረክ' ማለት ለምዶብኛል። አንድ ወንድም ግን ተቆጣኝ። 'የሚባርክ እግዚአብሔር ነው። ሰው ቢበዛ ይመርቃል። እግዚአብሔር ይባርክህ በል' አለኝ። እውነቱን ነው? እኔስ ተባረክ ስባል ምን ብዬ ልመልስ?»

የልቤን ነው የጠየቁኝ። ይህ «ሰው ይመርቃል እንጂ አይባርክም» የሚሉት ነገር በየቦታው ስለሚገጥመኝ አንድ ቀን መጻፌ አይቀርም ነበር።

ከሰዋስው እንነሣ። «ተባረክ» ትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ ግን ተደራጊ ነው። ባለቤቱ የሚባረከው ሰው ነው፣ ባራኪው ደግሞ አልተጠራም። አልተጠራም ማለት ግን ተናጋሪው ራሱ ነው ማለት አይደለም። «ጤና ይስጥልኝ» ስንባባል «ሰጪው ማን ነው?» ብሎ የሚያፋጥጥ አለ? ሳይጠራ ይታወቃል። ልጅን «እደግ፣ ተመንደግ» ስንለው በእኛ ትእዛዝ እንደማያድግ እናውቃለን። ከሁሉም በላይ «ተመስገን»ን ይዩልኝ። መልኩ ቁርጥ «ተባረክ» ነው፣ ተደራጊ ትእዛዝ። የምንለው ደግሞ ለፈጣሪ ነው። እሱን እያዘዝነው ነው? አይደለም። አማርኛ ምኞቱንም ጸሎቱንም በትእዛዝ አንቀጽ ይናገራል፣ በቃ።

አሁን ወደ መረቀና ባረከ። እውነቱን ልናገርና ክፍፍሉን እኔም እወደዋለሁ። «መረቀ» የሰው አፍ ይሸትተኛል፣ «ባረከ» የሰማይ። በራሴ ጽሑፍ ለይቼ ነው የምጠቀማቸው። ግን መውደድ ሌላ፣ ማስረጃ ሌላ። የ1954 ዓ.ም.ን መጽሐፍ ቅዱስ ይግለጡ። ሮሜ 12፥14 «የሚያሳድዱአችሁን መርቁ» ይላል። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥9 ደግሞ ስለ ስድብ ፈንታ ሲናገር «ባርኩ» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ለሰው ነው፣ በግሪክኛውም ግሱ አንድ ነው። መዝሙር 103 ላይማ ሰው ራሱ እግዚአብሔርን ይባርካል፦ «ነፍሴ ሆይ፥ እግዚአብሔርን ባርኪ»። ስለዚህ «ሰው አይባርክም» የሚለው ሕግ ከመጽሐፉ የወጣ አይደለም። ወንድምዎ ያለው ነገር ያምራል፤ ሕግ ግን አይሆንም።

ካህን ፊት የሚሆነውንም ያስታውሱ። «አባቴ ይባርኩኝ» እንላለን። መልሱ «እግዚአብሔር ይባርክህ» ነው። ለሰው የተላከው ልመና ሳይውል ሳያድር ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። ሁለቱም አባባሎች በአንድ ትንፋሽ አብረው ይኖራሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አያርምም።

ስለ ሥሩ ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ግእዝ ውስጥ «ባረከ» ከስምንቱ የግስ አርእስት፣ ማለትም ሌሎች ግሶች በእነሱ አምሳያ ከሚረቡባቸው መሪ ግሶች፣ አንዱ ነው፣ የራሱ ቤት ያለው። እዚያው ግእዝ ውስጥ «ብርክ» ጉልበት ነው። አማርኛችን «ተንበረከከ» የሚለው፣ «ብርክ ያዘው» የሚለው፣ ልጁንም «የአብራኬ ክፋይ» የሚለው ከዚሁ ነው። ዕብራይስጡ ጉልበትንና በረከትን፣ ዐረብኛው ደግሞ የግመልን መንበርከክና በረከትን በእነዚሁ ሦስት ፊደላት ነው የሚጽፉት። «የድምፅ መገጣጠም ነው፣ ሥርወ ቃላቸው ለየቅል ነው» የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም፣ እስካሁን ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። እኔ ግን ዝምድናው አለ ባይ ነኝ። በቅርቡ አንድ ረጅም ወጣት የአንዲት አሮጊት ከባድ ዘንቢል ተሸክሞ ደረጃውን ጨረሰላቸው። ሊያመሰግኑት እጃቸውን ወደ ራሱ ሲዘረጉ አልደረሱበትም። ሳይነገረው ጉልበቱን ሰበር አደረገላቸው። «ተባረክ ልጄ» አሉት። ይህ ለሥርወ ቃል ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ። ግን ዓይኔ ያየውን ምን ላድርገው?

የባሰው ጉዳይ «በረከት» ነው። ከስሙ «በረከተ» የሚል አዲስ ግስ ወለድን። ሲቆይልን «በረከተልን» እንላለን፣ ቶሎ የሚያልቀውን «አይበረክትም»። ከዚያ «አበረከተ» መጣ፣ ስጦታ ሰጠ ማለት ነው። ከእሱም «አበርክቶ»። ልብ ይበሉ፣ የተቀበልነው በረከት በቋንቋችን ውስጥ መልሶ መስጠት ሆነ። ለአብርሃም የተባለውም «እባርክሃለሁ» ብቻ አልነበረም፣ ቀጥሎ «ለበረከትም ሁን» አለ። እንግዲህ አንድ ሰው መኪና ሲገዛ «ተባርኳል» ብለን እዚያው ነጥብ ስናደርግበት ቃሉን ግማሹን ነው የምንናገረው። ማንን አሳፈረበት? ማንን አደረሰበት?

«ወንጀል ተበራከተ» የሚለውን ስሰማ አሁንም ያመኛል። በረከትና ወንጀል! ለዓመታት በሰው ጽሑፍ ላይ «በዛ» እያልኩ አርሜዋለሁ። ተሸንፌያለሁ፤ ዜናው ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው፣ አንባቢውም ይገባዋል፣ ስለዚህ ስሕተት ነው ልል አልችልም። እኔ ግን አልጽፈውም።

ወንድምዎ መቆጣት ከፈለገ የሚቆጣበት ሌላ ቦታ አለ። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ ለተራበውና ለታረዘው «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ ምንም ሳይሰጥ የሚሸኘውን ሰው ይወቅሳል። እነዚህም እንደ «ተባረክ» ትእዛዝ አንቀጾች ናቸው። ሰዋስዋቸው ምንም አልጎደለውም፣ እጁ ነው ባዶ የሆነው። ሥራ ፈላጊ ስልክ ደውሎ ችግሩን ተናግሮ ሳይጨርስ «በቃ እሺ፣ ተባረክ» ብለን ስንዘጋበት እኛም ያው ነን። ቃሉ የስልክ መዝጊያ ሲሆን ነው የሚከፋኝ እንጂ የባራኪው ስም ስላልተጠራ አይደለም።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱ አጭር ነው። «አሜን» ይበሉ። «ምንም አይደል» ለ«አመሰግናለሁ» ይሆናል፣ «ተባረክ» ግን ጸሎት ነውና አሜን ይፈልጋል። ከዚያ «አንተም ተባረክ» ቢያስከትሉ ያምራል። ታላቅዎ ከሆኑ ግን «ይባረኩ» ይበሉ፤ «ተባረክ» ለእኩያና ለታናሽ ነው።